በእማማ ጠላ አጠገብ የተገኘችው ነጭ ዐይን

ዛሬ 12 ሊትር ገንፎ አገነፋሁ። ለአራስ አይደለም። ለትንኝ ነው።

ገንፎ ስል የምሬን ነው። የበቆሎ ዱቄት፣ ስኳር፣ ደረቅ እርሾ፣ ውሃ እና አጋር። አጋር ከባሕር አረም የሚሠራ ዱቄት ነው፣ ሲቀዘቅዝ ሁሉንም እንደ ጄሎ ያረጋዋል። ድስቴ የድግስ ድስት ነው፣ ማማሰያዬም ያው የማንም ቤት ማማሰያ። እናቴ ይህን ብታይ ምን እንደምትል አውቃለሁ፤ ለቤቷ እንቁላል ጠብሳ የማታውቅ ልጅ ለትንኝ ታገነፋለች ነው የምትለው። እውነቷን ነው።

የምሠራው ከከተማ ወጣ ብሎ፣ እንጦጦን ተሻግሮ፣ ሱሉልታ ነው። አንዲት ቪላ ተከራይተን ሳሎኑን ቤተ ሙከራ፣ አንዱን መኝታ ቤት የዝንብ ክፍል አድርገነዋል፣ ኩሽናው ኩሽና እንደሆነ ቀርቷል። አከራያችን ጓሮ ሰርቪስ ቤት ውስጥ ይኖራሉ። እማማ ነው የምላቸው፣ እዚህም እማማ እላቸዋለሁ። ሥራዬ የፍራፍሬ ዝንብ ማርባት ነው። በደንብ ታውቋታላችሁ። ሙዝ ሲበስል፣ ጠላ ሲጠነሰስ፣ አቼቶ ሲከፈት ከየት መጣች ሳትባል ከተፍ የምትለው፣ ሦስት ሚሊ ሜትር የማትሞላዋ ናት። ሳይንሱ ድሮሶፊላ ሜላኖጋስተር ይላታል። ግሪክኛ ነው፣ ወደ እኛ ሲመጣ "ሆደ ጥቁር ጤዛ ወዳድ" እንደማለት። ለትንኝ ሲበዛ የሚያምር ስም ነው።

ሚኒባስ ውስጥ ሥራዬን የጠየቀኝ ሰው ወይ አፍንጫውን ይሸበሽባል፣ ወይ "አሃ፣ ቃሊቲ ነሻ!" ይለኛል። ቃሊቲ አይደለሁም። እዚያ የሚረባው ፀፀ ነው፣ ከብት ላይ ገንዲ የምታመጣዋ ዝንብ። የምትበላው ደም ብቻ ስለሆነ ደሙን ከስስ ሽፋን ሥር ያደርጉላትና በላዩ ወግታ ትመጥጣለች። የተፈለፈሉትን ወንዶች በጨረር አምክነው ይለቋቸዋል፣ የዱሯ ሴት ከመካኑ ወንድ ጋር ትገናኝና ሳትወልድ ትቀራለች። የዛንዚባሯ ኡንጉጃ ደሴት በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከፀፀ ነጻ የወጣችው በዚሁ ዘዴ ነው። እና ፀፀ በአንድ ጊዜ አንድ እጭ ብቻ ነው የምትወልደው፣ እሱንም በዘጠኝ በአሥር ቀን አንዴ። የእኔዋ ደህና ከበላች በቀን 50፣ 60 እንቁላል ትጥላለች። የቃሊቲዎቹን ሳስብ እኔ ሥራ ፈት ነኝ ማለት ነው።

ብዛት ችግር ሆኖብኝ አያውቅም በእርግጥ። አንድ የተጨማለቀ ማንጎ ጓሮ ጥላችሁ ሁለት ሳምንት ብትረሱት እናንተም ዝንብ አርቢ ናችሁ። ዝንብ የሚያዙን ተመራማሪዎች የሚፈልጉት ግን ብዙ ዝንብ አይደለም። አንድ ዓይነት ብዙ ዝንብ ነው። በአንድ ቀን የወጡ፣ አንድ ዓይነት ገንፎ የበሉ፣ ተጨናንቀው ያላደጉ፣ ካስፈለገም ወንድ ያልነካቸው። አንድ የቅጠል ጭማቂ አብልታችሁ "ይኸው ዕድሜያቸው ረዘመ" ብትሉ፣ ግማሾቹ የትናንት ልጆች ግማሾቹ የባለፈው ወር አሮጊቶች ከነበሩ ምን አወቃችሁ? ምንም። የእኔ ሥራ እኩያ ማምረት ነው፣ ይኼን ለአለቃዬም ለእናቴም እኩል ማስረዳት ያቃተኝ ነገር ነው።

ለምን ዝንብ ለሚል ሰው መልሱ አጭር ነው። ርካሽ ናት፣ ቶሎ ትደርሳለች። 25 ዲግሪ ላይ ከእንቁላል እስከ መብረር 10 ቀን። ደግሞ የሰው በሽታ ውስጥ እጃቸው አለበት ከተባሉት ጂኖች ወደ 75 በመቶው እሷም ውስጥ አምሳያ አላቸው። ቶማስ ሃንት ሞርጋን የሚባል ሰው ኒውዮርክ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በወተት ጠርሙስ ሙዝ እያበላ ያረባት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1910 ከቀይ ዐይኖቹ መሃል አንድ ነጭ ዐይን ወንድ ብቅ አለ። ሰውየው የዚያን ወንድ ዘር ሲከታተል ጂን ክሮሞሶም ላይ እንደሚቀመጥ አሳየ፣ በ1933 ኖቤል ወሰደ። እኛ መደርደሪያ ላይ ካሉት አብዛኞቹም ነጭ ዐይን ናቸው። ይህቺን ያዙልኝ፣ በኋላ ታዋርደኛለች።

ወደ ድስቱ ልመለስ።

እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ አይፈላም። 91 ገደማ ላይ መንፈቅፈቅ ይጀምራል፣ ከዚያ ወዲያ እሳት ብትጨምሩ የምትጨምሩት እንፋሎት ነው። ባቄላ ደጋ ላይ ለምን አልበስል እንደሚል የሚያውቅ ይገባዋል። ከውጭ ያገኘነው የአሠራር ወረቀት "10 ደቂቃ አፍሉ" ይላል። እኔም ታዛዥ ነኝ፣ 10 ደቂቃ አፈላሁ። አጋሩ በደንብ ሳይሟሟ ቀረና ጠርሙሶቹ ከታች ጓል፣ ከላይ ውሃ ሆኑ። እዚያ ውሃ ውስጥ ስንት ዝንብ እንደሰመጠ አልቆጠርኩም፣ መቁጠርም አልፈለግኩም። አሁን ከግማሽ ሰዓት በላይ ነው የማማስለው፣ ተኖ የጎደለውን ውሃ እየተካሁ። የክንዴን ጡንቻ ያየ ጂም የምሄድ ይመስለዋል።

ከዚያ መጠበቅ ነው። ገንፎው ወደ 60 ዲግሪ ሲወርድ ሻጋታ የሚከለክሉት ሁለቱ ይገባሉ፣ ፕሮፒዮኒክ አሲድና ኒፓጂን። ኒፓጂን እንግዳ ነገር አይደለም፣ ሎሽንና ሽሮፕ እንዳይበላሽ የሚጨመረው ያው ነው። እኛ በአልኮል በጥብጠን ነው የምንጠቀመው። ትኩሱ ላይ ከደፋችሁት ይተንና ኩሽናው ይሸታል፣ በሦስተኛው ቀን ጠርሙሱ አረንጓዴ ጋቢ ለብሶ ይጠብቃችኋል። ካበዛችሁት ደግሞ እጮቹን ራሳቸውን ይጎዳል። በጣም ከቀዘቀዘ ይረጋና ከማንቆርቆሪያው አይወጣም። በመሃል ያለችው ጥቂት ደቂቃ ናት የእኔ፤ በዚያች ሰዓት ስልክ የሚደውልልኝ ሰው ይቅር ይበለኝ።

በነገራችን ላይ የፍራፍሬ ዝንብ ፍራፍሬ ወዳድ መሆኗ ስሟ ላይ ነው። የምትከተለው እርሾውን ነው። የበሰበሰ ሙዝ ላይ፣ ድፍድፍ ላይ፣ የቦካ ሊጥ ላይ የሚበቅለውን እርሾ። ገንፎው ውስጥ እርሾ ካነሰ እንቁላሉም ያንሳል፣ ወዲያው ነው የሚታየው።

አሁን ዋናው ነገር። በአንድ ጠርሙስ ስንት እንቁላል?

ከበዛ እጮቹ በገንፎው ይሻማሉ፣ ይዘገያሉ፣ ሲወጡም ድንክ ይሆናሉ። አንዳንዶቹን ስታዩዋቸው የሌላ ዝርያ ይመስሏችኋል። ካነሰ ደግሞ የባሰ ነው፣ ገንፎውን ቆፍሮ የሚያለሰልሰው የእጮቹ ብዛት ስለሆነ ሻጋታ ይቀድማቸዋል ወይም ምግቡ ደርቆ ይሰነጠቃል። እኔ ለአንድ ትልቅ ጠርሙስ 250 ገደማ ነው የምፈልገው። ግማሽ ሚሊ ሜትር የሆነ እንቁላል 250 ቆጥራችሁ፣ በአርባ ጠርሙስ አባዙት። በብሩሽ አንድ በአንድ የሚቆጥሩ ሰዎች አሉ። እግዚአብሔር ይርዳቸው።

የኛ መንገድ ሌላ ነው። ጥቂት ሺህ ዝንብ አንድ ትልቅ ቤት ውስጥ እናስገባለን። ቤቱ የቀለም ባልዲ ነው፣ አፉ በጨርቅ የታሰረ። የመጀመሪያውን ባልዲ የሠራሁት በአልጋ አጎበር ነበር፣ ብልጥ መስሎኝ። ቢምቢ የሚከለክል ነገር ትንኝ ያቅተዋል ብሎ ማን ያስባል? ጠዋት ስመጣ ባልዲው ባዶ፣ ጣሪያው ሙሉ። ለሁለት ሳምንት ቡና የጠጣነው ሲኒውን በእጃችን ከድነን ነው። አሁን ጥቅጥቅ ያለ ሻሽ ነው የምጠቀመው። ከባልዲው ሥር በጭማቂ የተሠራ ጠንከር ያለ አጋር በሳህን ይገባል፣ መሃሉ ላይ የእርሾ ሊጥ እንደ ቅቤ ይቀባል። ሲመሻሽ ነው በብዛት የሚጥሉት። የመጀመሪያውን ሳህን እጥለዋለሁ፣ ምክንያቱም ሴቷ ጥሩ ቦታ እስክታገኝ እንቁላሏን ሆዷ ውስጥ ይዛ ትቆያለች፣ የቆየው ደግሞ ማደግ ጀምሯል። ሁለተኛው ሳህን ነው ንጹሑ። ለአራት ሰዓት አስቀምጬ አነሳዋለሁ፣ በቃ፣ የአራት ሰዓት እኩዮች።

እንቁላሎቹን በውሃና በለስላሳ ብሩሽ ጠርጌ በጣም ደቃቅ በሆነ የናይለን ወንፊት አጠልላቸዋለሁ። ከዚያ በረኪና። አዎ፣ ያው ነጭ ልብስ የምታጥቡበት በረኪና፣ በውሃ ግማሽ በግማሽ ቀጥኖ፣ ሁለት ደቂቃ። የውጩ ቅርፊት ይሟሟል፣ ጫፉ ላይ ያሉት ሁለት ቀዘፋ የሚመስሉ ቀንዶች አብረው ይጠፋሉ፣ እንቁላሉ ግን ምንም አይሆንም። የዚህ ጥቅሙ ከእንቁላሉ ጋር የተጣበቀውን ባክቴሪያም ማይትም ማስወገዱ ነው። ማይት በዓይን የማትታይ መዥገር ቢጤ ናት፣ ብዙ ጊዜ ከዱቄት ጋር ነው የምትገባው፣ አንዴ ከገባች በጥጡ ክዳን ሾልካ ከጠርሙስ ጠርሙስ ትዞራለች። በዚህ ምክንያት የበቆሎ ዱቄታችን ሳይነካ መጀመሪያ ፍሪዘር ውስጥ ይከርማል። እማማ ዱቄት ፍሪዘር ውስጥ ሲያዩ ምንም አላሉም፣ ግን አንገታቸውን የነቀነቁት አነቃነቅ አልጠፋኝም።

የታጠበው እንቁላል ውሃ ውስጥ ሲረጋ እንደ ደቃቅ ሩዝ ይዘቅጣል። ከዚያ መቁጠር የለም፣ መስፈር ነው። 20 ማይክሮ ሊትር በፒፔት፣ ማለትም በጠብታ መቅጃ ቱቦ፣ ስቀዳ 200 ምናምን ይሆናል፣ ትንሽ ስጨምር 250። ጤፍ በጣሳ እንደመስፈር። ትርፍ አለው ጉድለት አለው፣ ግን ከጠርሙስ ጠርሙስ ልዩነቱ ጥቂት ነው።

እሺ፣ አሁን ስለ ኅዳሩ ትእዛዝ።

ዶክትሬቱን የሚሠራ አንድ ልጅ 3,000 ሴት ፈለገ። ድንግል የሆኑ። በሁለት ቀን ውስጥ የወጡ። "ይቻላል?" አለኝ። "ይቻላል" አልኩት፣ አፌን ማን ይዞኝ።

ድንግል የሚፈለገው ለጨዋነት አይደለም። ሴቷ አንዴ ከወንድ ከተገናኘች ዘሩን ሰውነቷ ውስጥ አስቀምጣ ለሳምንት ለሁለት ሳምንት ትጠቀምበታለች፣ ባሕርይዋም አመጋገቧም ይቀየራል፣ ዕድሜዋም ያጥራል። ስለዚህ ወንድ ሳይደርስባት መለየት አለባት። ደግነቱ እንደወጣች ወዲያው ወንድ አትቀበልም። 25 ዲግሪ ላይ ስምንት ሰዓት ያህል ጊዜ አለ፣ 18 ዲግሪ ላይ ሁሉ ነገር ስለሚዘገይ እጥፍ ይሆናል። የሚወጡት ደግሞ አብዛኞቹ ንጋት ላይ ነው፣ ጤዛ ወዳድ የተባለችው በከንቱ አይደለም። ስለዚህ ማታ 11 ሰዓት ላይ ጠርሙሶቹን ባዶ አድርጌ 18 ዲግሪ ውስጥ አሳድራቸዋለሁ፣ ጠዋት 2 ሰዓት የወጡትን ለቅሜ ወደ 25 እመልሳቸዋለሁ፣ ከሰዓት 9 ሰዓት እንደገና። የምለያቸው በካርቦን ዳይኦክሳይድ አደንዝዤ ነው፣ ለስላሳ ውስጥ ያለው ጋዝ። ወንዱ ትንሽ ነው፣ ጅራቱ ጥቁር፣ የፊት እግሩ ላይ ማበጠሪያ የመሰለ ጸጉር አለው። ገና የወጣች ሴት ደግሞ ገርጣ ያለች ናት፣ ሆዷ ላይ ጠቆር ያለ ነጥብ ይታያል። ጨቅላ ሕፃን በመጀመሪያው ቀን የሚያወጣው ጥቁር ነገር አለ አይደል? እሱ ነው። ነጥቡ ካለ ጥርጥር የለም።

አርባ ጠርሙስ፣ 10,000 እንቁላል። ስምንት ሺህ እንኳ ቢወጣ ግማሹ ሴት ነው፣ የሚባክን አለ፣ 3,000 ይደርሳል። ሒሳቡ አሪፍ ነበር።

በሰባተኛው ሌሊት መብራት ጠፋ።

የኅዳርና የታኅሣሥ ሱሉልታን ለማያውቅ፦ ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ነጭ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ጀነሬተሩ ሁለት ሰዓት ሠርቶ ነዳጁ አለቀ። የዝንብ ክፍሉ ከ25 ወደ 13 ወረደ። ሁለት ሌሊትና አንድ ሙሉ ቀን። እማማ ነቅተው የድስት ውሃ በእንጨት አፈሉልኝ፣ እየተመላለስን በጄሪካን ክፍሉ ውስጥ ደረደርን፣ ጋቢያቸውንም አመጡና መደርደሪያውን ሸፈኑት። "ብርድ ይገድላቸዋል እንዴ?" አሉኝ። "አይ፣ አይሞቱም እማማ፣ ይቆማሉ እንጂ።" "ታዲያ ምን አስጨነቀሽ?"

ጥያቄው ትክክል ነበር። አንዷም አልሞተችም። ግን ከጄሪካኑ አጠገብ የነበሩት ጠርሙሶች ማደጋቸውን ቀጠሉ፣ ግድግዳ ዳር የነበሩት ቆሙ፣ መሃሎቹ በመሃል። በሁለት ቀን ይወጣሉ ያልኳቸው አራት አምስት ቀን እየተንጠባጠቡ ወጡ። ሁሉም ጤነኛ፣ ሁሉም በራሪ፣ ሁሉም የማይረቡ። ሁለት ቀን ውስጥ የለቀምኩት 1,100 ብቻ ነው። ልጁ "ቢቀላቀሉስ?" አለ። "እንዳታስበው" አልኩት። ከእንቁላል ጀመርን።

እና በዚያ ንዴት ነው ጥፋቱን የሠራሁት።

የማይፈለግ ዝንብ ከነጠርሙሱ ፍሪዘር ውስጥ ያድራል፣ ከዚያ ነው የሚጣለው። ይህን ሕግ ግድግዳ ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ፣ በቀይ ማርከር። በዚያ ቀን ግን ፍሪዘሩ በዱቄት ሞልቷል፣ እኔ ሦስት ሌሊት አልተኛሁም። የሚበሩትን ሳሙና ውሃ ውስጥ አራገፍኩና ገንፎውን ጠራርጌ ጓሮ የቆሻሻ ጉድጓድ ውስጥ ጣልኩት። ገንፎው ላይ ገና ያልወጡ ፒዩፓዎች፣ ማለትም ከእጭ ወደ ዝንብ እየተለወጡ ያሉ፣ ተጣብቀው እንደነበር ጠፍቶኝ አይደለም። ቀዝቃዛ ነው፣ አይወጡም ብዬ ነው። የሱሉልታ ቀን ፀሐይ ግን እንደ ሌሊቱ አይደለም።

እማማ ለታኅሣሥ ገብርኤል ጠላ ጥለው ነበር። በርሜሉ ከጉድጓዱ አሥር እርምጃ አይርቅም።

"አንቺ ልጅ፣ ትንኞችሽ ጠላዬን እየጠጡት ነው" አሉኝ በር ላይ ቆመው።

"እማማ ደግሞ፣ ትንኝ ከጠላ ቤት መቼ ጠፍታ ታውቃለች? የእኔ አይደሉም።"

"የማን ናቸው ታዲያ? የጎረቤት?"

ሳይንቲስት ነኝና በማስረጃ ላሸንፋቸው ፈለግኩ። ብርጭቆ ውስጥ አቼቶ ከጠብታ ሳሙና ጋር አድርጌ፣ አፉ ላይ ወረቀት እንደ ፈነል ጠቅልዬ ከበርሜሉ አጠገብ አሳደርኩት። ጠዋት 41 ትንኝ። ማይክሮስኮፑ ሥር ዘረገፍኳቸው፣ እማማም ነጠላቸውን ጠበቅ አድርገው ከጎኔ ቆሙ።

የመጀመሪያዎቹን ሳይ ደስ አለኝ። ቀይ ዐይን። የዱር ናቸው። ደግሞ እንዴት ያምራሉ! ከእኛዎቹ ተለቅ ያሉ፣ ጀርባቸው በደንብ የጠቆረ። ከበራችን ፊት የሚያልፈው የጎጃም መንገድ ፍቼ ይደርሳል። ተመራማሪዎች ከፍቼ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ትንኝ ሰብስበው አጥንተዋል። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣ ጥናት ከሰሃራ በታች ካሉ አገሮች ትንኞች ጋር ሲነጻጸሩ ጥቁረቱ ከሁሉ የበረታው የኢትዮጵያዎቹ ላይ ነው፣ ጥቁረቱም ከሁሉ በላይ የተያያዘው ከአልትራቫዮሌት ጨረር ጋር ነው። አካላቸውም ትልቅ ነው። የዝርያዋ ምንጭ ራሱ አፍሪካ ነው፣ ወደ ቀረው ዓለም ከሰው ጋር ተከትላ ነው የሄደችው። እኛ ግን ለሥራችን ከውጭ የመጣች ነጭ ዐይን እንቀልባለን። ይኼን ሁሉ ለእማማ ተነተንኩላቸው። ሲሙላንስ የምትባል ቁርጥ እሷን የምትመስል የአክስቷ ልጅ እንዳለችና እርግጡ የሚታወቀው የወንዱ ብልት ታይቶ እንደሆነ ልነግራቸው ስል አቆምኩ፣ ጾም ነበር።

እማማ ማይክሮስኮፑ ላይ ተራ ጠየቁ። መነጽራቸውን አውልቀው ጎንበስ አሉ። ብዙ ቆዩ።

"ቀይ ዐይን የእግዜር ነው አልሽ?"

"አዎ እማማ።"

"ነጭ ዐይን ያንቺ?"

"አዎ።"

"ይቺስ?"

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ነጭ። ከእሷ አጠገብ ሌላ ነጭ። ጫፉ ላይ ሦስተኛ። ዱር ውስጥ ነጭ ዐይን ብዙ አትቆይም፣ በደንብ ስለማታይ ወንዱም ሴት ማግኘት ያቅተዋል፣ እንዲህ አሥር እርምጃ ላይ ሆና የምትገኝ ከሆነ የት እንደተወለደች አያከራክርም። ከሞርጋን ጀምሮ ነጭ ዐይን የምትጠቅመው ለዚሁ ነው፣ የማን ልጅ የማን እንደሆነ ለመለየት።

"38 ለ3 ነው እማማ" አልኩ፣ ምን ልበል።

"ሦስቱን ነው የጠየቅኩሽ።"

በገብርኤል ዋዜማ ጠላውን ያጠለልኩት እኔ ነኝ። በእንቁላል ማጥለያው አይደለም፣ አትስጉ፣ ከተመሳሳይ ናይለን አዲስ ቆርጬ ነው። እማማ በርጩማ ላይ ቁጭ ብለው አዘዙኝ እንጂ አላገዙኝም። ከሌሊቱ 5 ሰዓት ጨረስን። መጀመሪያ የቀዳሁት ብርጭቆ ውስጥ ምንም አልነበረም፣ ሁለታችንም መብራት ላይ ይዘን አየነው።

ከዚያ በኋላ በሌላ ወጥመድ፣ ያለ ሳሙና፣ ከጥቁሮቹ አንዲቷን ሴት በሕይወቷ ያዝኩ። ከዱር የተያዘች ሴት ዘሩን ይዛ ስለምትመጣ ብቻዋን በቂ ናት፣ ከአንድ ሴት አንድ ዘር ይጀመራል። በትንሽ ጠርሙስ ገንፎ ሰጠኋት። አሁን ሦስተኛ ትውልድ ላይ ናቸው፣ ከነጮቹ መደርደሪያ ራቅ ብለው፣ የሳሙና ውሃ ባለው ትሪ መሃል፣ ማይት እንዳያሻግሩ። ጠርሙሱ ላይ "እማማ፣ ሱሉልታ፣ ታኅሣሥ" ብዬ ጽፌበታለሁ።

ትናንት የቤት ኪራይ ሊቀበሉ ሲገቡ አዩት። አነበቡት። "ለትንኝ ስሜን ሰጠሻት?" አሉ። መልስ ስፈልግ ጠርሙሱን አንስተው ወደ መስኮቱ ያዙትና ጥቂት አዩ።

"ገንፎዋ አንሷል" አሉኝ።